ቫይረስ ይገድላል የተባለው ቀለም፦ ለኮምቦልቻው ባለወርክሾፕ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የጻፈልኝ ኮምቦልቻ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው ወጣት ነው። አራት ሆነው ይሠራሉ። የሕሙማን አልጋ፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ የትምህርት ቤት ዴስክ ይበይዳሉ። ደሴ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ 10 አልጋ አዘዘውና "ጀርም የማይዘው ይሁን" አለው። በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ ናኖ ብር (እጅግ የደቀቀ የብር ማዕድን) ያለበት ቀለም ይዞ መጣ። "ባክቴሪያንም ቫይረስንም 99.9 በመቶ ይገድላል፤ 5 ዓመት ይቆያል" አለው። ዋጋው ከተለመደው ቀለም ብዙ እጥፍ ነው። "ጋሼ፣ እውነት ነው? ልግዛው ወይስ ብረቱን መዳብ ብነክረው ይሻላል?" ይላል ጥያቄው።

መልሱን ከፊት ላድርገው። ቀለሙን አትግዛው። ብረቱንም መዳብ አትንከረው። እጅ የሚበዛበትን ትንሽ ቦታ በእውነተኛ ነሐስ አልብሰው። የቀረውን ደግሞ በረኪና የማይፈታው፣ ለጽዳት የሚመች ደህና ቀለም ቀባው። ለምን እንደሆነ ግን ማወቅ አለብህ። ክሊኒኩ ሲጠይቅ መላሹ አንተ ነህና።

መጀመሪያ "የፈራችሁት የትኛውን ጀርም ነው?" በላቸው። ኮሮናን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ እንደጀመረ የወጣ ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። ቫይረሱ ስቴንለስ ስቲልና ፕላስቲክ ላይ እስከ 3 ቀን፣ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ መዳብ ላይ ግን እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንደሚቆይ ተለካ። ያኔ በር የምንከፍተው በክርናችን ነበር። በኋላ ግን በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በአየር መሆኑ ታወቀ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 እንዳለው፣ የተበከለ ዕቃ በመንካት ብቻ የመያዝ ዕድል ባጠቃላይ ከ10,000 አንድ አይሞላም። ስለዚህ ስጋታቸው ኮሮና ብቻ ከሆነ "መስኮታችሁ ይከፈት" በላቸው። ለደሴ ሰው በብርድ መስኮት ክፈት ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀለም ግን የአየርን ሥራ አይሠራም።

የሕሙማን አልጋ ላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ባክቴሪያው ነው። ስታፊሎኮከስ አውሬስ፣ ክሌብሲየላ፣ አሲኔቶባክተር። እነዚህ ደረቅ ብረት ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መቆየት ይችላሉ። ከመካከላቸው መድኃኒት የተላመዱ አሉ። አስበው እስቲ። ቁስል ያለበት ሰው ተኝቷል። አስታማሚው የአልጋውን የጎን ብረት ተደግፎ ያድራል። ነጠላውንም እዚያው ይሰቅላል። ነርሷ ብረቱን ትይዛለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ተሸካሚው እጅ ነው። የብረቱ ገጽ አንድ ነገር ቢያግዝ የሚያግዘው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ 99.9 እንምጣ። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ 1,000 ይቀራል ማለት ነው። ጥያቄው በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በምን ሁኔታ ነው። ለእንዲህ ያለ ቅብ የተለመደው ዓለም አቀፍ ፈተና አይኤስኦ 22196 ይባላል። ናሙናው ላይ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ጠብ ይደረጋል። እንዳይደርቅ በላዩ ስስ ፕላስቲክ ይለጠፋል። ከዚያ 35 ዲግሪ ሙቀትና ከ90 በመቶ ያላነሰ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ 24 ሰዓት ይቀመጣል። የቫይረሱ ፈተና፣ አይኤስኦ 21702፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆንም እሱም እርጥብና የተሸፈነ ነው። የሚለካውም ብዙ ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ይህን ከደሴ የኅዳር ሌሊት ጋር አስተያየው። ብርድ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ብረቱ ላይ ያረፈው ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ብር ደግሞ የሚሠራው አዮን የሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶችን እየለቀቀ ነው። አዮኑ ከቀለሙ ወጥቶ ባክቴሪያው ጋ ለመድረስ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ከሌለ አይሄድም። በእርጥቡ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ የብር ቅብ፣ በክፍል ሙቀትና እርጥበት ሲፈተን ምንም ሳይገድል የቀረበት ጊዜ አለ። ሰዓቱንም እይ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያንን የአልጋ ብረት ስንት እጅ ይነካዋል?

ሌላም አለ። የዱቄት ቀለም (በዱቄትነቱ ተረጭቶ በምድጃ የሚጋገረው) ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሺኛ፣ ይወፍራል። ብሩ በዚህ ውፍረት ሁሉ ተበትኗል። የሚጠቅመው ግን ፊቱ ላይ ብቅ ያለው ጥቂት ነው። ውስጥ የተቀበረው ገንዘብህ ነው።

ሻጩ ሲመለስ የፈተናውን ወረቀት አምጣ በለው። ሙቀቱ ስንት ነው? እርጥበቱስ? ስንት ሰዓት ተቀመጠ? ፈተናው የተደረገው በአዲስ ቅብ ነው ወይስ አንድ ሺህ ጊዜ በበረኪና በተወለወለ? "5 ዓመት" የሚለው ቀለሙ ብረቱ ላይ የሚቆይበት ነው ወይስ ጀርም የሚገድልበት? እነዚህን መመለስ የሚችል ሻጭ ካጋጠመህ እንደገና ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

ሌሎቹን ዓይነቶች ቶሎ ልለፋቸው። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ቅብ ብርሃን ይፈልጋል፤ ያውም አልትራቫዮሌት። ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ በኤልኢዲ አምፖል ብቻ ይህ ነው የሚባል ሥራ አይሠራም። አሞኒየም ያለባቸው የሚረጩ ቅቦች ደግሞ ፖዘቲቭ ሙል ስላላቸው የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀዳሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አቧራና ላብ ሲሸፍናቸው ይደክማሉ። ላርጎና የዱቄት ሳሙና ደግሞ ኔጌቲቭ ሙል ስላላቸው ያከሽፏቸዋል። ጽዳቷ በላርጎ ከሆነ፣ የቀባኸውን በነጋታው ታጠፋዋለች ማለት ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

መዳብ ግን የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ልበል። መዳብ አዮኑን የሚለቀው ራሱ ገጹ ነው። አዮኑ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል፤ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ይፈሳል፤ ከዚያ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል። ቫይረስም ላይ ፕሮቲኑንና የዘር ቅንጣቱን ያበላሻል። ትልቁ ነገር ደረቅ ሲሆንም መሥራቱ ነው። እንዲያውም ደረቅ መዳብ ላይ ብዙ ባክቴሪያ የሚሞተው ፈጥኖ ነው። በ1983 አሜሪካ ውስጥ ፊሊስ ኩን የተባሉ ባለሙያ የሆስፒታል የበር እጀታዎችን አስመረመሩ። የስቴንለስ ስቲሉ እጀታ ላይ ባክቴሪያ በብዛት ሲበቅል፣ የነሐሱ ላይ ያን ያህል አልተገኘም። በ2008 የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የመዳብ ቅይጦችን ባክቴሪያ የሚገድሉ ብሎ መዘገበ። በተፈተኑባቸው ባክቴሪያዎች ላይ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ ገድለዋል። ያውም ኤጀንሲው "ይህ የተለመደውን ጽዳት ያግዛል እንጂ አይተካም" የሚል ግዴታ አክሎበት ነው። ይህን ቃል ለክሊኒኩ ድገምላቸው።

የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2021 ወደ 20 በመቶ መዳብ ያለበት ስቴንለስ ስቲል ሠሩ። የኮሮናን ቫይረስ በ3 ሰዓት 99.75 በመቶ፣ በ6 ሰዓት 99.99 በመቶ አጠፋ። እኔን የሳበኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። መዳቡ የተቀባ ሳይሆን ከብረቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ነው። ቢፋቅ፣ ቢቧጠጥ፣ ከሥሩ ያው ብረት ይመጣል። ቅብ ግን አንዴ ከተፋቀ አለቀ። አንተም እዚያ ብረት ላይ ባትደርስም ሐሳቡን ልትወስደው ትችላለህ።

"ታዲያ ለምን አልነክረውም?" ትለኝ ይሆናል። ነክሬ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የተራ ብረት እጀታዎችን መዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ነከርን። በደቂቃ ውስጥ ቀይ ሆነው ወጡ። ደስ ሲሉ! ለአንድ ክሊኒክ ገጠምንላቸው። ሐምሌ ገባ፤ ጉሙ ወረደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከመዳቡ ሥር ዝገት እንደ ኩፍኝ ፈነዳ። የታካሚ እጅ ዝገት ይዞ ይወጣ ነበር። ሁሉንም ፈተን በራሳችን ወጪ ቀየርን። ያ ክሊኒክ አምኖን ነበር። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብረት መዳብ ሰልፌት ውስጥ ሲገባ ብረቱ እየሟሟ መዳቡ በቦታው ይቀመጣል። ምስማር ብትነክርም ያው ነው። የሚቀመጠው መዳብ ስስ፣ ቀዳዳ የበዛበትና በደንብ ያልያዘ ነው። ከዚያ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገናኛቸው ባትሪ ይሆናሉ። የመዳብ ፖቴንሻል (ኤሌክትሮን ለመያዝ ያለው ዝንባሌ) +0.34 ቮልት ነው፤ የብረት −0.44 ነው። የሚበላው ብረቱ ነው። መዳቡ ሰፊ፣ ቀዳዳዋ ጠባብ ከሆነች ደግሞ ዝገቱ በሙሉ ያቺ ቀዳዳ ላይ ይረባረባል። ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ ሲፋቅ ቶሎ የማይዝገው ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ዚንኩ ቀድሞ ይበላል።

በትክክል የሚነክሩ ፋብሪካዎች አሉ። ተራ ብረት ላይ የመጀመሪያዋን የመዳብ ንብርብር ለመያዝ ለረጅም ዘመን የተሠራበት ሲያናይድ ያለበት ውሃ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ወርክሾፕህ ውስጥ እንዳታስበው። ሲያናይድ አሲድ ከነካው የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። የታጠበው ውሃስ ወዴት ይሄዳል? ቦርከና ነው የሚገባው። ከታች ከብት ይጠጣዋል፤ አትክልት ይጠጣበታል። 10 አልጋ ለዚህ አይበቃም።

የምልህ ይህን ነው። አልጋውን ሙሉ ለሙሉ ጀርም ገዳይ ማድረግ አያስፈልግም። እጅ የሚያርፍበት የት እንደሆነ ቁጭ ብለህ ቁጠር። የጎን መከለያው የላይኛው ዘንግ፣ የግርጌው መያዣ፣ ማዘንበያ ካለው የሚሽከረከረው እጀታ፣ የግሉኮስ መስቀያው ሰው በሚጨብጥበት ቁመት። እኔ በግምት ሳሰላው በአንድ አልጋ ጥቂት ሜትር ቱቦ ነው። እነዚህን ብቻ ነሐስ አልብሳቸው። ቱቦላሬውን (የአልጋውን የብረት ቱቦ) መጀመሪያ ከነሐሱ ሥር የሚገባውንም ጭምር ሙሉ በሙሉ ቀባው። ቀለሙ ሁለቱን ብረቶች ይለያቸዋል። ከዚያ የነሐሱን ቱቦ በኢፖክሲ ማጣበቂያ አልብስ። ጫፍና ጫፉን በሲልከን ዝጋ። ብሎን አታስገባ፤ ቀለሙን በስተህ ያንኑ ባትሪ መልሰህ ትሠራዋለህ።

ነሐሱ ቢያንስ 60 በመቶ መዳብ ይኑረው። የተለመደው ቢጫ ነሐስ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያሟላል። ግን ቢጫ የሆነ ሁሉ ነሐስ አይደለም። ገበያ ላይ ዚንክ ላይ የተነከረ ቢጫ እጀታ ሞልቷል። በማይታይ ቦታ በሞረድ ጫር አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሰው። አዲስ ነሐስ ደግሞ እንዳይጠቁር ብለው ቫርኒሽ ይቀቡታል። ቫርኒሹ ካለ እጅ የሚነካው ቫርኒሹን ነው፤ ነሐሱ ምንም አይሠራም። በቲነር ወይም በአሴቶን አስለቅቀው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው።

ከዚያ መጥቆሩ ይመጣል። ይጥቆር። የጠቆረ ነሐስ መግደሉን አይተውም። ግን ክሊኒኩ "ቆሸሸ" ብሎ እንዳይቆጣህ ቀድመህ ንገራቸው። በሰም ወይም በሚያብረቀርቅ ቅባት እንዳይወለውሉትም ንገራቸው፤ ሰሙ እንደ ቫርኒሹ ይሸፍነዋል። ሳሙናና ውሃ፣ ካስፈለገም 70 በመቶ አልኮል ይበቃዋል።

የቀረው ብረት ላይ ምስጢሩ ያለው ከቀለሙ በፊት ባለው ሥራ ነው። ጀርም የሚደበቀው ጽዳት በማይደርስበት ቦታ ነው። የብየዳው ቀዳዳ፣ ያልተገጠመ ስንጥቅ፣ አፉ ክፍት የቀረ ቱቦ። ብየዳውን ሙሉ ዙሪያውን ዝጋው፤ ነጥብ ነጥብ እያደረግህ አትለፈው። በግራይንደር አስተካክለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው። የቱቦውን አፍ በላሜራ በይደህ ዝጋ። ስለት የሆነ ጠርዝ ካለ ክብ አድርገው፤ ቀለም ስለት ላይ ይሳሳል፣ መፋቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ዘይቱን አጥበህ አስለቅቅ። መልቀቁን ለማወቅ ውሃ አፍስስበት። ውሃው እንደ ስስ መጋረጃ ከሸፈነው ንጹሕ ነው። እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ዘይት አለ።

የዘይት ቀለም አትቀባ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በረኪና አልካላይ ነው፤ የዘይት ቀለምን ቀስ በቀስ ወደ ሳሙናነት ይቀይረዋል። ጥቂት ወር ሲወለወል ይለሰልሳል፣ ይላጣል። የዱቄት ቀለም የሚጋግር ሰው ካገኘህ እሱ ይሻላል። ብዙዎቹ የሚጋገሩት ብረቱ ራሱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ደርሶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ነው። ብዙ ሰው የምድጃውን ቁጥር እያየ ያወጣዋል። ወፍራም ቱቦ ግን ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። መብሰሉን ለማወቅ በቲነር በራሰ ጨርቅ ጠበቅ አድርገህ እሸው። ቀለሙ ጨርቁን በደንብ ካቀለመ ወይም ከለሰለሰ፣ አልበሰለም።

የሚጋግር ካልተገኘ ባለሁለት ቆርቆሮ ኢፖክሲ ተጠቀም። ይህን ኮምቦልቻ ላይ ጨርሰው። ሞቅ ስለሚል ይደርቅልሃል። ደሴ ወስጄ እዚያ ልቀባው አትበል፤ ተራው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይይዝም። የሐረጎን ዳገት ሲወጣም አልጋዎቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ በመሃላቸው ካርቶንና ብርድ ልብስ አስገባ። መንገድ ላይ የተፋቀ አልጋ ሳይገባ አርጅቷል።

ስቴንለስ ስቲል ይሁን ካሉህ ተጠንቀቅ። ገበያው ላይ 201 የሚባለው ርካሹ የስቴንለስ ዓይነት የተሻለው 304 ነው እየተባለ ይሸጣል። በዓይን አይለይም፤ ማግኔትም እርግጡን አይነግርህም። ግን ክሮሚየሙና ኒኬሉ ስለሚያንስ በረኪና ሲነካው ቶሎ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። 304ም ቢሆን በረኪና ካደረበት ይበላል። ደግሞ ንጹሕ ስቴንለስ ራሱ ጀርም አይገድልም። የሚወደደው ስለሚጸዳ ነው።

ስለ በረኪናው ለክሊኒኩ አንድ ወረቀት ጽፈህ አልጋው ላይ ለጥፍላቸው። ጠርሙሱ 5 በመቶ ከሆነ፣ ለዘወትር አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ፤ ይህ 0.1 በመቶ ይሆናል። ደም ለፈሰሰበት አንድ እጅ በ9 እጅ፤ ይህ 0.5 ነው። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። 10 ደቂቃ ይቆይና በንጹሕ ውሃ ይወልወል። በረኪናው ነሐሱ ላይ እንዳይውል፤ አረንጓዴ ያደርገዋል።

ደረሰኝህ ላይ "ጀርም የማይዘው አልጋ" ብለህ እንዳትጽፍ። እንዲህ ያለ አልጋ የለም። ያንን ያነበበች ጽዳት አንድ ቀን ትተወዋለች፤ እዚያ ላይ የሚተኛው የሰው ልጅ ነው። "ለጽዳት የሚመች፣ መያዣው ነሐስ" ብለህ ጻፍ።

ራስህ መፈተን ትችላለህ። ከአልጋው ጋር አብረህ መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ላሜራዎች ቀባ። አንዷን በምላጭ ስድስት መስመር በቁመት፣ ስድስት በአግድም ሰንጥቅ፤ መካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር። ጥሩ ፕላስተር ለጥፈህ ንቀል። 25ቱ ካሬዎች ካልተነሱ ይዟል። ሌላዋን ላሜራ ለአንድ ወር በቀን ሦስት ጊዜ በ0.1 በመቶ በረኪና ወልውላት። ከለሰለሰች ወይም ካበጠች ቀለሙን ቀይር። የመግደሉን ፈተና ግን ወርክሾፕ ውስጥ አትሞክር፤ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማህ ነው። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደግሞ ደሴ ነው። ነሐስ፣ የዱቄት ቀለምና የሻጩን ቀለም ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በደረቁ፣ በ2 ሰዓት የሚለካ የመመረቂያ ጽሑፍ ለአንድ ተማሪ ቆንጆ ሥራ ነው። ሄደህ አንኳኳ። ናሙናውን አንተ ሥራላቸው።

የመጀመሪያውን አልጋ ስትበይድ፣ ቀለም ሳይነካው፣ የማዕዘኑን ብየዳ ከቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እሱን ካየሁ በኋላ ስለ ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት ስለሚቀባው መሠረት) እነግርሃለሁ።